ሠላሳ አንድ ገመድ

«እማማ! ምን አደረግሽ?»

አያትየዋ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ከወጥ ቤት ብቅ ሲሉ፣ የልጅ ልጃቸው ሚጡ ዳቦዋን እንደያዘች የክፍሏ በር ላይ ቆማለች። አልጋው ላይ ሠላሳ አንድ ገመድ ተጋድሟል፤ ቢጫው ከቢጫ፣ ቀዩ ከቀይ፣ ረጅሙ ከረጅም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሲንተሳይዘር፣ ትናንት ገመድ ያልወጣበት ጥግ ያልነበረው ያ ገመድ እየተሰካካበት ዜማ የሚሠራ ትልቅ የድምፅ ሣጥን፣ አሁን ባዶ ቀዳዳ ብቻ ነው።

«አጸዳሁልሽ እንጂ ምን አደረግሁ?» አሉ። «ኮረንቲ እንደዚያ ተተብትቦ ይታደራል እንዴ? አንድ ቀን ቤቱን ይዞት ይነዳል። ደግሞ ወሬ ሲያልቅ ገመድ ይነቀላል!»

ይህች የመጨረሻዋ አነጋገር ያመለጠቻቸው ከድሮ ሥራቸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ክፍል ተቀምጠው፣ ደዋዩን ከተደዋዩ በገመድ ሲያገናኙ ኖረዋል። ሰዎቹ ተነጋግረው ሲጨርሱ ገመዱን ሳትነቅል የተነሣች ሠራተኛ ከአለቃዋ ቁጣ አታመልጥም ነበር።

«ወሬው አላለቀም ነበራ!» ሚጡ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። «የሦስት ሳምንት ልፋቴ እኮ ነው። ዜማው ያለው ገመዱ አሰካክ ላይ ነው፤ ሌላ የተቀመጠበት ቦታ የለም። ለቴአትሩ ዜማ ያዘዘኝ አዘጋጅ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሊሰማ ይመጣል። ካልጣመው ሥራውን ለሌላ ይሰጣል፣ አለቀ።»

አያትየዋ ክው አሉ። «ፎቶ አላነሣሽውም? ጫማሽን እንኳ ፎቶ የምታነሺ ልጅ!»

«አንሥቼዋለሁ።» ስልኳን ዘረጋችላቸው። ፎቶው ላይ የሚታየው የገመድ ጫካ ነው፤ ገመዶቹ ቀዳዳዎቹን ሸፍነው የትኛው የት እንደ ገባ አይለይም።

«እጄን በቆረጠው» አሉ በሆዳቸው። ከዚያ ወንበር ስበው ከሣጥኑ ፊት ተቀመጡና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጣቶቻቸው አየሩን መንቀል ጀመሩ።

«ከላይ፣ ከግራ ነው የጀመርኩት። ያኔም እንደዚያ ነበር የምንነቅለው። ረጅሙ ቢጫ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ሁለተኛው ቀዳዳ። ሌላኛው ጫፉ ታች ነው፣ ከዳር አራተኛው።»

ሚጡ ቀና አለች። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰኪው እንጂ አታድርቂኝ! ልረሳው ነው!»

እንዲህ እያሉ ወረዱ። አንዱ ላይ ያመነታሉ፣ ሌላውን አሰክተው ያስነቅላሉ፣ «አይ፣ እሷ አይደለችም፣ ጎረቤቷ ናት» ይላሉ። ሠላሳኛው ገመድ ሲገባ ሣጥኑ በጥርሱ መሀል እንደሚያፏጭ ሰው ቀጭን ድምፅ አወጣ። አንድ አጭር ሰማያዊ ቀረ። እሱን ቢሉ፣ ቢሉ አላስታወሱትም።

«እሱን በጆሮዬ እፈልገዋለሁ፤ ግን ሁለቱም እጄ ይያዛል። አንቺ መዳሰሻውን ንኪልኝ» አለች ሚጡ።

መዳሰሻው ከሣጥኑ ጋር የተያያዘ፣ የመዳብ ቁርጥራጭ በተርታ የተነጠፈበት ሰሌዳ ነው። ቁልፍ የለው፣ የሚጫን ነገር የለው። አያትየዋ ሸሸት አሉ።

«መዳብ በባዶ እጄ? ልትቀብሪኝ ነው?»

«አይነዝርም! እኔ ስንት ጊዜ ስነካው አይተሽ የለ?»

«አንቺ ስትነኪው እኔ በር ላይ ቆሜ ስጸልይ ነው የከረምኩት።»

ሚጡ ሳቀች፤ ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቋ። ለዚያች ሳቅ ሲሉ ጠቋሚ ጣታቸውን ዘረጉና የመጀመሪያውን መዳብ ነካ አድርገው ሸሹ። ሣጥኑ «እ» አለ።

«ሰማኝ እንዴ?»

እንደገና፣ ቀስ ብለው። ድምፁም ቀስ ብሎ ወጣ። ጣታቸውን አስተኝተው አሳረፉት፤ ድምፁ ወፈረ። «ሚጡ፣ ይሄ ነገር ተኛ ሲሉበት ሆዱ ይነፋል እኮ!»

«ቆዳሽ ብዙ ሲያርፍበት ነው። ቀጥይ፣ ሁሉንም በተራ።»

ሁለተኛውን ነኩ። ሦስተኛው ላይ ፈራ ተባ ሲሉ ቆዩ፣ አራተኛውን ዘለሉት፣ ተመለሱበት። አምስተኛው ላይ ጣታቸውን እያንከባለሉ ድምፁ የት ድረስ እንደሚጎብጥ ፈተሹ። ፍርሃታቸውን የት እንደጣሉት እንጃ። እጃቸውን ሲያነሡ ግን ሣጥኑ ዝም አላለም።

«ልቀቂው እንጂ፣ እማማ!»

«ለቅቄዋለሁ! እጄ ይኸውና!» ሁለቱንም ወደ ላይ ሰቀሏቸው።

«የነካሽውን ይዞ እየደገመ ነው፤ እኔ ነኝ እንዲይዝ ያደረግ...» ሚጡ አልጨረሰችውም። ሰማያዊውን ገመድ እንደያዘች ጆሮዋን አዘነበለች። የሚሰማው የሦስት ሳምንቱ ዜማ አልነበረም። ያኛው እንደ ሰዓት የተስተካከለ ነበር፤ ይሄኛው ይራመዳል፣ ይቆማል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ደግሞ ይራመዳል።

«አበላሸሁት አይደል? የቱ ጋ ነው የሚጠፋው?»

የውጭው በር ተንኳኳ።

«እንዳትነኪው» አለች ሚጡ በሹክሹክታ። ገመዱን አልጋው ላይ ጣል አድርጋ ሮጠች።

ከመተላለፊያው የአዘጋጁ ድምፅ ተሰማ። «እንደምን አደ...» ብሎ መሀል ላይ ቆመ። «ቆይ እስቲ። ምንድን ነው እሱ ዜማ? እስቲ ልስማው።»

አያትየዋ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። መዳሰሻው ላይ ትንንሽ መብራቶች እየተከታተሉ ይበራሉ፤ ሦስተኛው ጋ፣ ልክ ጣታቸው በፈራበት ቦታ፣ ትንሽ ይዘገያሉ። ጎንበስ ብለው፣ መብራቱ ዞሮ እዚያች ቦታ እስኪመጣ ጠበቁት።