የብስክሌተኛው ከረሜላ

ለስኳር ሕመም ምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ ከባሕር ዳር የተነሡት ብስክሌተኞች ወረታ መግቢያ ላይ ውሃ ሊጠጡ ቆሙ። አምሳል በጆግ ውሃ ስታድል አንደኛው ጎልማሳ ከሩዝ ማሳው ዳር ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ላብ አጥምቆታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። «እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስኳር አለብኝ፣ እናቴ» አላትና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ፣ ልጦ ሊጎርስ ሲል ከእጁ ነጠቀችው።

«በሽታህን እያወቅህ! ለእናንተ ጣፋጭ መርዝ አይደለም ወይ፣ ልጄ?»

«ስኳሬ ወርዶ እኮ ነው» አለ ምላሱ እየተሳሰረ። «እንዲህ ሲያደርገኝ ጣፋጭ ካልቀመስሁ እሞታለሁ። ይስጡኝ።»

ሰጠችው። አኘከው፤ ሌላም ደገመ። ጥቂት ቆይቶ ላቡ ደረቀ፤ የፊቱ ወዘና ተመለሰ፤ ሳቀም። አምሳል ግን እጇን እንደዘረጋች ቀረች። አምና በክረምት፣ መንደሯን ቁሐር ሚካኤልን የጎርፍ ውሃ ከቦት ሳለ፣ ስኳር ያለባት ልጇ እንዲሁ ላብ አጥምቋት፣ እየተንቀጠቀጠች፣ «እምዬ፣ ማር አቅምሽኝ» ብላት ነበር። እሷም ስለምትሳሳላት የማሩን ቅል ከእጇ ነጥቃ ቆጥ ላይ ሰቀለችባት። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ዓይኗን አልገለጠችም።

ብስክሌተኛው ሊነሣ ሲል የተረፉትን ከረሜላዎች በተዘረጋው መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ለልጅዎ ይስጡልኝ» አላት።