የቄሱ ቁርስ

ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ አዲስ የታዘዘላቸውን የስኳር መርፌ ሆዳቸው ላይ ሊወጉት ሲሉ ልጃቸው ሠርካለም እጃቸውን ለቀም አደረገችው። ዐቢይ ጾም ነበር፤ የዳባት የጠዋት ብርድ ገና ከቤት አልወጣም። «ልቀቂኝ እንጂ! ስልኬ ላይ ያለውን ኤአይ ጠይቄው ‹ከቁርስ በፊት ይወጉ› ብሎኛል» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ስልካቸው እያመለከቱ።

«ቁርስዎ ስንት ሰዓት ነው፣ አባዬ?»

«ምን ማለትሽ ነው? ቀዳሽ አይደለሁም እንዴ! ዘጠኝ ሰዓት ነዋ፣ ቅዳሴ ሲወጣ።»

«መርፌው ግን እስከ ዘጠኝ አይጾምም! በባዶ ሆድዎ ስኳርዎን አውርዶ መቅደስ ውስጥ ይጥልዎታል» አለችና ስልኩን አንሥታ ስለ ጾሙ ጻፈችለት። ወዲያው መለሰ፤ ጮክ ብላ አነበበችላቸው፦ «ይቅርታ፣ ልክ ነዎት። ሳይበሉ መወጋት አደገኛ ነው።»

«እሰይ፣ ንስሐ ገባ» ብለው ሣቁ ቄሱ።

የእሷ ደም ግን ፈላ። ስልኩ አልዋሸም፤ የቄስ ቁርስ መቼ እንደሆነ ሳያውቅ፣ ሳይጠይቅም፣ እንዳወቀ ሰው አፉን ሞልቶ መናገሩ ነው ያንገበገባት። «እኔ ባልነግረውስ? ንስሐውን በተዝካርዎ ላይ ሊገባ ነበር! ይነሡ፣ ጤና ጣቢያ ነርሷ ዘንድ እንሄዳለን።»

«ቅዳሴውስ?»

«ቀዳሽ ሞልቷል። አባት ግን ያለኝ አንድ ነው።»

ቄሱ መርፌውን ትክ ብለው አዩትና ክዳኑን መልሰው ገጠሙበት። «እሺ» አሉ ጋቢያቸውን እያነሡ፣ «ለነርሷ ግን ከሁሉ በፊት ቁርሴ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነው የምነግራት።»