ቤታችሁ አንብቡት

አባትየው ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ቆሟል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጁ ጽንስ ለማስወረድ የባህል መድኃኒት ጠጥታ፣ ከበሩ ማዶ ደም እየፈሰሳት ነው።

ሲስተሯ ወጣች። «ደሙ አልቆመም። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት አምቡላንስ እየመጣ ነው» አለችው። ከዚያ ንዴቷን መያዝ አቃታት። «ጓደኛዋ በመጀመሪያ ቀን አይረገዝም ሲላት አመነችው! ባዮሎጂ መጽሐፋችሁ ላይ አለ አይደል ወይ ስላት፣ መምህሩ ያንን ምዕራፍ ‹ቤታችሁ አንብቡት› ብሎ ዘለለው አለችኝ። ቤት ስትከፍተው ደግሞ እርስዎ ብልግና ነው ብለው ነጠቋት።»

አባትየው ወደ በሩ ዞረ።

«እርስዎስ አባት ነዎት፤ ቢያፍሩ አይፈረድብዎትም። ያ መምህር ግን ምን ነክቶት ነው?»

አባትየው በጠመኔ የነጡ እጆቹን ቀስ ብሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።