መድረክ የናቀው ደራሲ

ዶክተር ኪዳነማርያም ለንደን ውስጥ ብሪክስተን በሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሊያደርግ ሲቆም፣ የመጡትን ሰዎች ገና ሲያያቸው ናቃቸው። ግማሹ ብርዱን ሸሽቶ፣ ግማሹ ለብስኩቱ የመጣ መሰለው።

«ጀምር እንጂ ዶክተር፤ ከዚህ በላይ ሰው አይመጣም» አሉት አዘጋጇ ወይዘሮ ፍቅርተማርያም።

ርዕሱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የኖረ እንግሊዛዊ ደራሲ ነበር። ደራሲው በየአዳራሹ እየዞረ እንዲናገር ሲለመን፣ ስድብ የሞላበት ደብዳቤ እየጻፈ እምቢ ይል ነበር። ኪዳነማርያም ከደብዳቤዎቹ አንዱን ወደ አማርኛ መልሶት ነበርና ማንበብ ጀመረ።

«ጌታዬ፣ በገመድ እንደታሰረ ጦጣ ሰው ፊት ቆሜ አልለፈልፍም። ሊሰማኝ የሚመጣውም የሚያዛጋ ከብት ነው።»

ኪዳነማርያም በልቡ «እውነቱን ነው!» አለና ውሃ ሊጠጣ ንባቡን አቋረጠ። ውሃው በጉሮሮው እየወረደ ሳለ፣ የገዛ ድምፁ በድምፅ ማጉያው ቀጠለ።

«ከከብቱም የሚብሰው፣ የሙት ደብዳቤ እየለቃቀመ ምሁር የሚባለው ነው።»

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ቃል የለም። ኪዳነማርያም አፉን በመዳፉ ግጥም አድርጎ ያዘ።

«ኧረ ልጄ፣ ራስህን እንዲህ አትስደብ!» አሉት ወይዘሮ ፍቅርተማርያም ደንግጠው።

«ይሰደብ እንጂ እትዬ» አላቸው ድምፁ፤ «ይገባዋል።»