መሠረቱ ተቆፍሮ ነበር

ዌንደል ኦሃዮ ውስጥ ለአዲሱ የፓምፕ ፋብሪካው ባስቆፈረው መሠረት አፋፍ ላይ ቆሞ ነበር። የኮንክሪቱ መኪና በርሜሉን እያሽከረከረ ሲጠብቀው እህቱ ኦርላ ደወለች።

«ከውጭ በሚገባው ብረት ላይ ያለው ቀረጥ ዛሬም ተለወጠ።»

«ጨመረ?»

«ቀነሰ። ባለፈው ወርም ቀንሶ ሳምንት ሳይቆይ ሰማይ ነካ። ፋብሪካው የሚያልቀው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚሆነውን ማን ያውቃል? ተወው፣ ወንድሜ።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሊናደድ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ወደ ሾፌሩ ሄዶ «መልሰው» አለው።

«ኮንክሪት እኮ ነው፣ አለቃ! መንገድ ላይ ይደርቅብኛል። የት ልድፋው?» ሾፌሩ ሳቀ፤ የዌንደልን ፊት ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «ሚስቴ እዚህ እቀጠራለሁ ብላ የማታ ትምህርት ጀምራለች። ምን ልበላት?»

ዌንደል ጉድጓዱን ትክ ብሎ አየ።

«ከጉድጓዱ ወዲያ፣ እዚያ አረም የበቀለበት ዳር ድፋው» አለ።