የቀኝ እጅ ደንብ

«ማይነስ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ቀዩን ማርከር ሰሌዳው ላይ ደግነው። «ምልክቱ ተሳስቷል። ምልክቱ ከተሳሳተ ደግሞ ምዕራፍ ሦስት የለም፣ አራትም የለም።»

ልጅቷ ሰሌዳው አጠገብ እንደቆመች ደሟ ፈላ። የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርበው ዛሬ ነው። ካለፈች እዚሁ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል መምህር ሆና ትቀጠራለች፤ ጽሑፉ ተመልሶ ከተሰጣት ግን ቦታውን ሌላ ይወስደዋል። ከኋላ ወንበር ላይ እናቷ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ከሚባለው አንዲት ቃል ባይገባትም ፕሮፌሰሩ በተናገሩ ቁጥር በአክብሮት ራሷን ትነቀንቃለች። ይሄ ደግሞ ይብሱን ያናድዳል።

«ፕሮፌሰር፣ ደረጃ በደረጃ ሠርቼዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ አንጉላር ሞመንተሙን አስቀድሜ፣ ሞመንተሙን አስከትዬ አባዛሁ። ቀጥሎ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ አባዛሁና ቀነስኩ። የኤክሱ አንጉላር ሞመንተም ከዋዩ ሞመንተም ጋር ሲሆን የሚተርፈው የዜዱ ሞመንተም ነው። ፕላስ።»

«ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን?» ፈገግ አሉ። ተማሪው በስውር «ማኅተም» ይላቸዋል፤ ያለ እሳቸው እሺታ በዚያ ሕንጻ በርም አይከፈትም። «አንደኛ ዓመት የተማርሽው የቀኝ እጅ ደንብ የት ሄደ? ጣቶችሽን ከኤክስ ወደ ዋይ ታጥፊያለሽ። አውራ ጣትሽ ወደ ላይ ካየ ፕላስ፣ ወደ ታች ካየ ማይነስ። አለቀ።»

እጃቸውን አነሱ፤ ጣታቸውን ዘና ብለው አጠፉ። አውራ ጣታቸው ወለሉን አሳየ። «ይኸው» አሉ።

ልጅቷ ዓይኗን አላመነችም። ቀኝ እጃቸው ማርከሩን እንደጨበጠ ነው። ያጠፉት ግራቸውን ነው። እስክሪብቶ በቀኙ ይዞ ደንቡን በግራ እጁ የሚሠራ ጀማሪ በየፈተናው አይጠፋም፤ ይሳቅበትና ይታለፋል። በማኅተም ግን ማን ወንድ ይስቃል?

«ፕሮፌሰር፣ ያጠፉት ግራ እጅዎን ነው።»

ፕሮፌሰሩ እጃቸውን የሰው ዕቃ ይመስል አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገሩ የእጅ ጉዳይ አይደለም፣ የመሠረት ጉዳይ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተቀይሯል። «አማካሪሽ እዚሁ አለልሽ። እስቲ አንተ ምን ትላለህ?»

ከፈታኞቹ ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠው አማካሪዋ ካቀረቀረበት ቀና አላለም። ይቺን ፕላስ ከእሷ ጋር ተቀምጦ የሠራት እሱ ነው፤ «ግሩም ናት፣ እንዳትነኪያት» ያለውም ራሱ ነው። የማዕረግ እድገቱ ማመልከቻ ግን የማኅተምን ፊርማ መጠበቅ ከጀመረ ከርሟል። ዝም አይነቅዝም ብሎ ነው መሰል በግራ እጁ የጽሑፏን ገጾች ያገላብጥ ጀመር። ተናገር እንጂ አንተ ሰው፣ አለች በሆዷ። ሰማይ አይደፋብህም።

«እንግዲህ…» አለ በስንት መከራ፣ «ፕሮፌሰር ካሉ… እንደገና ብታየው አይከፋም።»

ማኅተምስ ማኅተም ነው፤ ተሳሳተ፣ አፈረ፣ ደረቀ። የዚህኛው ግን ምን ይባላል? ይሄ እኮ አላወቀም እንዳይባል ያውቃል።

ጠረጴዛው በፊት በኩል ክፍት ስለሆነ ከቆመችበት ስሩ ይታያል። የአማካሪዋ ቀኝ እጅ ጉልበቱ ላይ አርፏል። አራቱ ጣቶች በወጉ ታጥፈዋል፤ አውራ ጣቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። ሰውየው መልስ ከመስጠቱ በፊት ደንቡን በትክክለኛው እጅ ሠርቶ ጨርሷል።

«ዶክተር» አለች። ወደ አማካሪዋ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እጅዎን ከጠረጴዛው በላይ ያውጡና ያሳዩዋቸው።»

«የምን እጅ?» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ወደ አማካሪው ዞረው።

አማካሪው እጁን አላወጣም። ከጠረጴዛው ስር አውራ ጣቱ ቀስ እያለ ወረደና በሌሎቹ ጣቶች መሃል ገብቶ ተደበቀ።