ልክክ ያለው ቦቲ

እንጀራ አባቱ ረግረጉ ውስጥ ቀረ። ልጁ ብቻውን ተመለሰ፤ ሰፈሩም «ልጁ ገደለው» ብሎ አወራ። በሰፈሩ አይፈረድም። ልጁ አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሰውዬውን አንድ ቀን እንደሚደፋው ሲዝት ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ልጁ፣ እናቱና እንጀራ አባቱ ቦቲ ሊገዙ የሄዱት ከዳክዬ አደኑ ሁለት ቀን በፊት ነው። የእናትየው ግራ እጅ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ባሏ ከአደን ሲገባ ደረቅ ጫማው በሩ ሥር ተቀምጦ ሊጠብቀው ይገባል፤ የቤቱ ሕግ ነው። ባለፈው ረሳች። ጣቷን ሰበረው።

ሻጩ ውስጡ ሱፍ ያለውን ቦቲ አውርዶ መልሶ ሰቀለው።

«በዚህ አየር እግር ያልበዋል» አለ። «ብርድ የለም። ስሱን ላስቲክ ውሰዱ፣ በስስ ካልሲ።»

«ስስ ከሆነ በልክ ነው የሚያምረው» አለች እናትየው። ባቱ ላይ ማጥበቂያ ቀበቶ ያለውን አነሳች። «ይሄ ለእሱ።»

ባሏ አጠለቀው። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክክ አለ።

ለልጇ ቀበቶ የሌለውን፣ ሁለት ቁጥር የሚበልጠውን መረጠች። ሲራመድ ተረከዙ ውስጡ ይዋኛል።

«ይሄ እኮ ይወልቃል» አለ ልጁ።

«ይሁን። እግርህ ገና ያድጋል።»

«የአስራ ዘጠኝ ዓመት ሰው እግር?»

እንጀራ አባትየው ሳቀ። «ጀልባ ገዛችልህ። ምን ታድርግ፣ የሸምበቆ ቆራጭ ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜ ልኩን ረግረግ ለረግረግ እንዲህ ያለ ጫማ ሲጎትት ነው የኖረው።»

«አልጋው ላይ ነው የሞተው» አለች። «በሰማንያ ዓመቱ።»

ባሏ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

ቤት እንደገቡ ልጁ ማድ ቤት ድረስ ተከተላት።

«ጣትሽን ለሰበረው ደህናውን፣ ለእኔ ጀልባውን?»

«ዝም ብለህ አድርገው።»

«አንቺ ከእሱ ትብሻለሽ። ስሚኝ እማዬ፣ ከዚህ አደን እኔና እሱ አብረን አንመለስም። አንዳችን እዚያው ይቀራል።»

ድንች እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም።

«ጠመንጃ እንዳታነሳበት» አለች። «አደራ። እጅህን በእሱ አታቆሽሽ።»

ለእሱ የምታዝን መሰለው። በሩን በርግጫ ብሎ ወጣ።

የአደኑ ዕለት ጠዋት እናትየው ተንበርክካ የባሏን ቦቲ ቀበቶ በደህና እጇ ጎትታ፣ የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ቆለፈችው።

«አጠበቅሽው» አላት።

«ውሃ እንዳይገባ ነው።»

ልጁ በር ላይ ቆሞ ያያል። እሱን ቀና ብላ አላየችውም። ይህንንም ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው።

ሸምበቆው መሃል እንጀራ አባትየው ከፊት፣ ልጁ ከኋላ ሆኑ። ዳክዬ አልነበረም። ልጁ ጥይት አጉርሶ የሰውዬው ጀርባ ላይ አነጣጠረ። ጣቱ ምላጩ ላይ እንዳለ መሬቱ ከዳቸው፤ ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ።

ልጁ ሲንፈራገጥ እግሮቹ ከሰፊው ቦቲ ሾልከው ወጡ። በደረቱ ተኝቶ የሸምበቆ ሥር ጨበጠ። እንጀራ አባትየውም ታገለ። ግን ጭቃው ቦቲውን ያዘ፤ ቦቲው እግሩን ያዘ። በታገለ ቁጥር ይሰምጣል። ቀበቶው ከጭቃው በታች ነው፣ እጁ አይደርስበትም።

«ጎትተኝ፣ አንተ የውሻ ልጅ።»

ልጁ ጥይቱን አውጥቶ የጠመንጃውን ማንገቻ ወረወረለት። ጎተተ። እየሰደበው ጎተተ። ለምን እንደሚጎትት ራሱም አላወቀም፤ መዳፉ እስኪላጥ ግን አልለቀቀም። ውሃው መጀመሪያ የሰውዬው አገጭ ላይ ደረሰ። ኋላ ላይ ማንገቻው ልጁ እጅ ላይ ቀለለ።

ልጁ በባዶ እግሩ፣ በጭቃ ተለውሶ ቤቱ ሲደርስ ቀትር አልፏል። ምን ብሎ እንደሚነግራት መንገዱን ሙሉ ሲያስብ ነበር የመጣው።

በሩ ሥር አንድ ጥንድ ደረቅ ጫማ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ የልጁ።